ከዐያን ድርሻ የጎደለችው ገጽ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዐያን፣

እንደምን ከርመሻል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ጋ ዘንድሮ ሙቀቱ እንደ ሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ ወንበር ልንለቅለት ምንም አልቀረን።

ሁዶ የላክሽባትን ቃል አንድም ሳታጎድል አድርሳልኛለች። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብላ ዛሬ ሰላምታ የላከችው ምን ፈልጋ ነው?» አልሽ አሉ። አልቀየምኩም፣ እውነትሽን ነው። ሁዶን ታውቂያት የለ? ከጅቡቲ በባቡር ሽቶና ድሪያ ስታመጣ ወሬውንም አብራ ትጭናለች፤ ስትመለስ ደግሞ የኛን ትወስዳለች። ይሄን ደብዳቤም የምታመጣልሽ እሷ ናት። ደውዪላት ብላኝ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ከአምና ጀምሮ ጥሎኛል። ስልኩን ሳስጠጋው የንብ ቀፎ ነው የሚመስለኝ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልበልሽ። ዘርዓብሩክ ሐምሌ ዘጠኝ ቀን አረፈ። ለቅሶው ለአሮጌው የቲያትር ቡድን ሁሉ ተነግሯል፤ ላንቺ ግን አላስነገርኩም። ረስቼ ነው ልልሽ ነበር። አልረሳሁም።

አሁን የፈለግኩትን ልንገርሽ። ከዩኒቨርሲቲ ሳብሪን የምትባል የመጋላ ልጅ መጥታ የባሌን የዘሩን ካርቶኖች ትፈታለች። ነጭ ጓንት አድርጋ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በባዶ እጄ ሳገላብጠው የኖርኩትን ወረቀት እሷ እንደ ቁስል ነው የምትነካው። «የማዶ ሰርግ»ን በመጽሐፍ ልታሳትመው ነው። በአማርኛ ተጀምሮ፣ በሶማሊኛ ተሰዳድቦ፣ በኦሮምኛ የሚታረቅ ተውኔት ዛሬ የሚጽፍ የለም አለችኝ። የሚሰማም የለም አልኳት።

ችግሩን ታውቂዋለሽ። ዘሩ ሙሉ ተውኔት ለማንም አይሰጥም ነበር። ለእያንዳንዱ ተዋናይ የራሱን ቃል ብቻ፣ ከሌላው ሰው ንግግር ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት፤ ያቺን መነሻ ሲሰማ የራሱን ይቀጥላል። የራሱን ድርሻ ራሱ ይገለብጣል፣ የቀራችሁን እኔ። ከዚያ ረቂቁ ወደ ምድጃ። «ሙሉውን የያዘ ከሌለ የሚከዳ የለም» ይል ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ያለው የሱ ድርሻ ብቻ ነው። ፋራህ የአሮጊቷን ድርሻ አምጥቶልኛል። በቀሚስ ሲያስቀን የነበረው ፋራህ ዛሬ ያለ ቀሚስም አሮጊት መስሏል፣ አንድ ጥርስ አልቀረውም። ሙሽራዋ ግን አንቺ ጋ ነች። ያለ ሙሽራ ምን ሰርግ አለ?

መጽሐፉ ሚያዝያ ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል። ካልተሟላ ሳብሪን የሌላ ሰው ተውኔት ታሳትማለች፣ የሱ ስም ከአይጥ ጋር ካርቶን ውስጥ ይቀራል። እባክሽ፣ ድርሻሽን ላኪልኝ።

ወይንሸት


ጅቡቲ
ኅዳር 3 ቀን 2017

እትዬ ወይንሸት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ጋሽ ዘሩን ነፍሱን ይማረው። ከዚህ በላይ ልጽፍለት ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ።

ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል። ባሌ መሃድ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል። ከልጆቼ ቤት አማርኛ የሚያነብ የለም። የልጅ ልጄ የድርሻ ወረቀቴን አይታ «አያቴ፣ ይሄ የጉንዳን ሰልፍ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሥራዬ ነበር» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ?

አዎ፣ አለ። ሳጥኔ ሥር፣ ከሰርግ ልብሴ በታች። ሁዶ በስልክ ፎቶ እናንሳውና ይሂድ አለች። አይሆንም አልኳት። ያ ሁሉ ውርደት በፎቶ አይሄድም።

ስለዚያች እሁድ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር። ስለ ሙቀት ጻፍሽ፣ ስለ ፋራህ ጥርስ ጻፍሽ፣ ስለሷ አንድ ቃል የለም። እኔ ልንገርሽ እንግዲህ። የመጨረሻውን ገቢር ጋሽ ዘሩ ለመንግሥት ገምጋሚዎቹ አላሳየም ነበር፣ እንደ ልማዱ። ጠዋት አንቺ በእጅሽ አመጣሽልኝ፣ መጋላ ድረስ፣ ላብሽን እየጠረግሽ። እስከ ስምንት ሰዓት አጠናሁ። መድረክ ላይ ቃሌን ጨረስኩና የሱን መነሻ ጠበቅኩ። «አንቺ አይደለሽም» ሲለኝ ልቀጥል ነው፤ ወረቀቴ ላይ ያለው እንዲያ ነው። እሱ ግን ዝም። ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔ እሱን እጠብቃለሁ፣ እሱ እኔን። ሰዉ መጀመሪያ ትወና መሰለው። ከዚያ አንዱ አፏጨ። ሌላው «ቃሏን በላችው፣ ውሃ ስጧት!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መጋረጃው ሲወርድ ጋሽ ዘሩ ምን አለኝ? «ለማን ሸጥሽኝ?» በሰው ሁሉ ፊት። ፊተኛው ረድፍ የተቀመጡትን ገምጋሚዎች ፈርቼ ወይም ከነሱ ተዋውዬ የዋጥኩበት መስሎት ነው። ሐሙስ ባቡር ተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲህ መድረክ የሚባል ረግጬ አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር።

እንድታምኚኝ የመጨረሻውን ገቢር ቃሌን በእጄ ገልብጬ ልኬያለሁ። ዋናው እዚሁ ይቆያል። አንድ ጥያቄ መልሽልኝና እናያለን፤ ሊሞት ሲል ስሜን አንስቷል?

ዐያን


ድሬዳዋ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ዐያን፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሁዶ ሦስተኛ ባሏንም ልትፈታ ነው፣ ሰማሽ? ባቡር ጣቢያ ላይ ለሕዝብ አውጃለች። ሰዉ «ይሄኛው ምን አጠፋ?» ቢላት «ምንም፣ እሱ ነው የሰለቸኝ» አለች አሉ። አቦ፣ ድሬ ባትኖር ዓለም በምን ትስቅ ነበር?

ለጠየቅሽኝ፤ አላነሳም። በመጨረሻ ብዙም አይናገርም ነበር። አይክፋሽ።

ስለዚያች እሁድ ምን ልበልሽ? እኔ አልነበርኩም። ራስ ምታት ይዞኝ ቤት ተኝቼ ነው የዋልኩት። የሆነ ሆነ፣ ሰውም አለፈ፣ እኛም አረጀን።

ሳብሪን የላክሽውን ከሱ ድርሻ ጋር አገናኝታ አነበበች። ወዲያው አፋጠጠችኝ። የሱ ወረቀት ላይ ካንቺ የሚጠብቀው መነሻ «ጫማው እጄ ውስጥ ቀረ» የሚል ነው። አንቺ በላክሽው ውስጥ ደግሞ ጫማ የሚባል የለም። «እማማ፣ የምን ጫማ ነው?» ብላ ሰሌዳ ላይ ጻፈችልኝ፤ ከጆሮዬ ጋር የምትነጋገረው በሰሌዳ ነው። አላውቅም አልኳት። አንድ ገጽ ጠፍቷል ትላለች፤ ያውም የተውኔቱ ልብ የሆነችው ናት ብላ ልትሞት ነው።

መቼም መንገድ ነበረብሽ፣ ስደት ነበረብሽ። አንቺ ጋ ሳትጠፋ አልቀረችም። ሳጥንሽን ደህና አድርገሽ ፈትሺ። ከጠፋችም ግድ የለም፣ ያለውን ላኪው።

እህትሽ ወይንሸት


ጅቡቲ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017

እትዬ ወይንሸት፣

«እህትሽ» ብለሽ ፈርመሻል። ድሮ «ገልባጭ ወይንሸት» ነበር የምትዪው፣ በየድርሻችን መጨረሻ። እሱ ይሻልሻል፤ ቢያንስ እውነት ነበር።

እኔ ምንም አልጠፋብኝም። ወላሂ አንድ ቅጠል አልጠፋብኝም።

እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ወር የተከራየሁበት ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። ወረቀቴ ረጠበና አንድ በአንድ ገመድ ላይ አሰጣሁት፣ እንደ ልብስ በመቆንጠጫ። ከሥር ቆሜ ሳነብ፣ የኔ ንባብ ቀስ ያለ ነው፣ ያኔ ዓይኔ ግርጌው ላይ አረፈ። አንቺ ከየገጹ ግርጌ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ሁለት ቃላት ትጽፊ ነበር። ምድር ባቡር የታይፕ ክፍል የለመድሽው ነው፤ ወረቀት ቢበተን እንዲለቀም ብለሽ። ፋራህ «ወይንሸት በመቃብሯም ግርጌ የሚቀጥለውን ትጽፋለች» እያለ ይቀልድብሽ ነበር፣ ትዝ ይልሻል?

ስድስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ «ሰማዩ ጠርቶ» ይላል። ሰባተኛው ገጽ ደግሞ በጋሽ ዘሩ መነሻ ነው የሚጀምረው፣ «አንቺ አይደለሽም»። የገጹን ቁጥር አስተካክለሽ ቀጥለሻል። እጅሽ ግን ቀድሞሽ ነበር። መሃል ላይ በ«ሰማዩ ጠርቶ» የሚጀምር ገጽ ነበረ፤ ለኔ አልደረሰም።

ከገመዱ ሥር ቁጭ አልኩ። ልብሱም ወረቀቱም እላዬ ላይ ይንጠባጠባል።

ያኔ ለምን አልጻፍሽም ብትዪኝ፤ ጽፌ ነበር፣ ለሱ። ሁለት ጊዜ። መልስ አልመጣም። ለገሃር ሄዶ ፖስታ የሚያወጣው ማን ነበር? አንቺ። ሦስተኛ አልጻፍኩም። መሃድ «እንጀራሽ እዚህ ነው፣ ተይው» አለኝና ተውኩት።

የቀናሽ መስሎኛል። ሰዉም ያኔ ስለኔና ስለ ጋሽ ዘሩ ያወራ እንደነበር አውቃለሁ። ስሚኝ እትዬ፤ ባልሽን በጣቴ ነክቼው አላውቅም። የሎኮሞቲቭ ቅባት ይሸት ነበር፣ በዚያ ላይ ሲለማመድ ምራቁ ፊቴ ላይ ነው። ለዚህ ሰው ብለሽ ሕይወቴን ቀደድሽው?

ያቺ ገጽ የት አለች? ይሄን ሳትነግሪኝ እጅሽ የሚገባ ወረቀት የለኝም። መጽሐፉም ሚያዝያም የራሱ ጉዳይ።

ዐያን


ድሬዳዋ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዐያን፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ሁዶ «ዛሬ ካልሰጠሽኝ በቃልሽ ንገሪኝ፣ እኔ እነግራታለሁ» ስትለኝ ደንግጬ ነው ይሄን የጨረስኩት።

ገጿ የለችም። አልገለበጥኳትም፤ ረቂቁን አቃጠልኩት። ደብዳቤዎችሽንም። ሁለት ነበሩ፣ ልክ ነሽ።

ቅናት አይደለም። ሰዉ ቅናት ነው ሲል ግን ዝም አልኩ፤ ቀናተኛ ሴት ትታዘናለች። የኔን ግን የሚያዝንለት አልነበረም።

ስምረትን ታስታውሻታለሽ፣ ልጃችንን። በስልሳ ስድስት ዓ.ም. የተጋባን ሰዎች በስንት ስለት ያገኘናትን። በሰባ ሦስት ነሐሴ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ወሰዳት፤ አራት ዓመቷ ነበር። ይሄን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አንቺም መጥተሽ አልቅሰሻል። ከተማው የሚያውቀው ውሃው ከእጄ እንደነጠቃት ነው። እኔ እንዲያ ነው ያልኩት። ለዘሩ ብቻ፣ ከዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እውነቱን ነገርኩት። ተነሥቶ ወጣ።

ከአራት ዓመት በኋላ የመጨረሻውን ገቢር ረቂቅ ሰጠኝ። ያንቺን ድርሻ እገለብጣለሁ፤ እጄ ከዓይኔ ይቀድማል። ስድስተኛውን ጨርሼ፣ ግርጌው ላይ ሁለቱን ቃላት ጽፌ፣ ረቂቁን ገለጥኩ። የኔ ቃል ነው። ለግድግዳው የነገርኩት፣ እንዳለ፣ አንድ ነጥብ ሳይጎድል። ሳይጠይቀኝ ወስዶ ሙሽራዋ አፍ ላይ አደረገው። እሁድ ከሰዓት መላ ድሬ ለውዝ እየፈለፈለ ሊሰማው ነው። የለገሃር ሰው፣ የቀፊራ ሰው፣ ለቅሶ የተቀመጡልኝ ሁሉ።

ያቺን አቃጠልኩ፤ የቀረውን ሳላነብ ገለበጥኩና አመጣሁልሽ። አንቺ ትደነግጫለሽ፣ እሱ ያልፈዋል፣ ሌላ ነገር ብሎ ይዘልላታል ብዬ ነበር። ጫማው የሚለውን ሳይሰማ እንደማይናገር፣ እንደዚያ ችክ ብሎ እንደሚቆም የት አውቄ? አንቺን ይከሳል ብዬም አላሰብኩም። ሲከስሽ ደግሞ ዘግይቶ ነበር። ለምን እንዳቃጠልኩ ሳልናገር፣ ማቃጠሌን መናገር አልችልም።

ዋሽቼሻለሁ። ስምሽን አንስቷል። በሐምሌ መጀመሪያ፣ ጆሮዬን አፉ ላይ ደፍቼ «ዐያን ለምን ዝም አለች?» ሲል ሰማሁት። ከሱ የሰማሁት የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። ትራሱን አስተካከልኩለት።

ከዚያች እሁድ ወዲህ ተውኔት አልጻፈም። አንቺ ከድተሽው መስሎት ነው ብዕሩን የጣለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስበላ ይሄን አውቅ ነበር።

እንግዲህ ይሄው። የፈለግሽውን አድርጊ።

ወይንሸት


ጅቡቲ
የካቲት 14 ቀን 2017

ወይንሸት፣

ደብዳቤሽ ወር ያህል ሳጥኔ ውስጥ ከረመ።

የልጅሽን አሁንም አለቅሳለሁ። የራሴን ግን ይቅር አልልሽም። አትጠብቂ።

የያዝኩብሽ ማቃጠልሽን አይደለም። ያቺ ጠዋት ድልድዩን ተሻግረሽ ደጃፌ ድረስ መጣሽ። ውሃ ሰጠሁሽ፣ ጠጣሽ። «ብርጭቆሽ ያምራል» አልሽኝ። እዚያው ቆመሽ «ዐያን፣ እሱ የሚሰጥሽን አንዲት ነገር አትበዪብኝ» ብትዪኝ፣ በእናቴ፣ ጋሽ ዘሩ ቢገድለኝ አልላትም ነበር። አንቺ ግን የሱ አፍ ብቻ አድርገሽ ቆጠርሽኝ። ለአፍ ደግሞ ማን ያማክራል?

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ ጨርሻለሁ። የዚያን ቀን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ጋሽ ዘሩ ራሱ ኮፍያውን አስቀምጦ ያዘው። ለገምጋሚ መስሎኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ያንቺ ነበር።

የቀረውን ሳላነብ ገለበጥኩ አልሽ። እኔ የማውቀው መነሻዬን ብቻ ነው፣ «አንቺ አይደለሽም» የሚለውን። ከሱ በፊት ምን እንደሚል የሱ ድርሻ ውስጥ አለ፣ እዚያው ቤትሽ፣ ካርቶን ውስጥ። አዳራሹ እየሳቀብን ቆሞ የጠበቀው እሱን ለማለት ነበር። ሄደሽ አንብቢው።

ድርሻዬን ለሁዶ ሰጥቻለሁ፣ ለሳብሪን በእጇ እንድታደርስ። ላንቺ አይደለም። በስድስተኛውና በሰባተኛው ገጽ መካከል አንድ ባዶ ወረቀት አስገብቻለሁ። ሙዪው ወይም ተይው። ብትሞዪው ግን መጀመሪያ ለኔ ላኪው፤ በራሴ ድርሻ ውስጥ ያለውን ከሰው በኋላ የማይ አልሆንም።

ዐያን


ድሬዳዋ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዐያን፣

ይቅርታ አልጠየቅኩሽም፤ አትጠብቂ ስላልሽኝ።

የሱን ድርሻ አነበብኩ። ሳብሪን ጓንት ልታለብሰኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። እንዲህ ይላል፦ «አራት ዓመት ልነግርሽ አስቤ ቤት ውስጥ አፌ አልከፈት አለ። እዚህ ብቻ ነው የሚከፈተው። ወንዙ ነው፤ አንቺ አይደለሽም።» ወረቀቱ ከአልጋዬ ሥር፣ ከራስጌዬ ሁለት ክንድ ሳይርቅ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ካርቶኑን በየትንሣኤው አቧራ አራግፈው ነበር።

ተቆጣሁ እንጂ አላለቀስኩም። ከአልጋው ላይ ፊቱን አዙሮ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ለኔ ለመናገር አምስት መቶ ሰው አስፈለገው። እኔ ደግሞ አንድ ሰው እንዳይሰማ ብዬ የሦስታችንንም አፍ ዘጋሁ።

ለሳብሪን ሁሉንም ነገርኳት፣ ያንቺን ጭምር። ያቺ እሁድ የዐያን ጥፋት እንዳልነበረች መጽሐፉ መግቢያ ላይ በስሜ ይጻፋል። ይሄን ብዙዎቹ የሳቁብሽ ሰዎች አያነቡትም፤ ሞተዋል። ፋራህን ግን ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ሚያዝያ ላይ ተማሪዎች በአሮጌው አዳራሽ ያነቡታል። ሳብሪን ሁለተኛ ረድፍ ላይ አስቀምጥሻለሁ ትለኛለች። ምን ልሰማ? የሚናገሩትን ከንፈር አይቼ የምለየው ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፣ እንዳንቺ። ነይ ልልሽ መብት የለኝም። ሁዶ ቀኑን ታውቀዋለች።

ገጿ ይቺውልሽ። ሳትረሳ የኖረች ናትና ለመጻፍ አልቸገረችኝም። «ገልባጭ» የሚለውን ግን ትቼዋለሁ፤ ይሄን ከማንም አልገለበጥኩም። ግርጌው ላይ መጻፍ ያለባቸውን፣ ሰባተኛው ገጽ የሚጀምርባቸውን ሁለት ቃላት ታውቂያቸዋለሽ። በዕድሜዬ ያለ ግርጌ ቃል ያስወጣሁት ገጽ የለም። ዛሬ ብዕሩን ይዤ እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ እጄ እነዚያን ሁለት ቃላት አልጽፍም አለ።

ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አሸዋው ደረቅ ነበር። ከቀፊራ ስንመለስ ድልድዩ ሩቅ መሰለኝና በወንዙ መሃል አቋረጥኩ። እጇን ይዣለሁ። ድምፅ ሰማሁ፤ ባቡር መሰለኝ። በዚህ ከተማ ድምፅ ሁሉ ባቡር ነው። መሃል ላይ ስንደርስ ጫማዋ ወለቀ። አዲስ ነበር፤ ታድግበታለች ብዬ ሰፊ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ሰዎች ውሃው ነጠቀሽ ይሉኛል። ውሃው አልነጠቀኝም። ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ለማለት እጇን ለቀቅኩ። ቀና ስል ጫማው እጄ ውስጥ ቀረ።

ወይንሸት